ስንት እጅ

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ የመጨረሻው አውቶቡስ
ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እንግዲህ ነገ ማታ እስኪደርስ
ይህ ከተማ ጎማ የለውም። ባትያም ድረስ በእግሬ፣
ባዶ የምሳ ዕቃ በፌስታል አንጠልጥሬ፣
በጫማዬ ጫፍ የሳምንቱን ቀለም ቋጥሬ።

ፍሎሬንቲን ገባሁ፣ የአናጢዎች ሰፈር፤
መጋዙ ዝም ብሏል፣ የሰጋቱራው ሽታ ገና አልወጣም ከአየር።
የብረት መዝጊያዎች ተንኳኩተው ወርደዋል፣
ሱቁ ክፍት ሳለ ተጠቅልሎ የዋለው ሥዕል አሁን ተዘርግቷል፤
ዓይኑ የፈጠጠ ዓሣ፣ ዘውድ የጫነ ባቄላ፣
አንዱ ጀምሮ የተወውን ጨርሶ የሄደ ሌላ።

ሰፈሩን አውቀዋለሁ። በግራጫ ነው የማውቀው።
ሰባት ዓመት በባልዲ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፣
ቁጥር አርባ አንድ፣ የማይዘንብ ደመና የመሰለውን።
ማዘጋጃ ቤት ወረቀት ይልካል፣
ራሃሚም ያነባል፣
እኔ ሮለሬን እነክራለሁ፤
ስም ይሁን ስድብ፣ የፍቅር ቃል ይሁን የድመት ራስ፣
ፍርዱ አንድ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ደግሞ መለስ።
ማታ ይደውላል። «ስንት ሽፋን?»
እሱ በዕብራይስጥ ይጠይቃል፣ እኔ በሆዴ እተረጉማለሁ፤
ስንት እጅ?
በእኛ አፍ ቀለም የሚቆጠረው በእጅ ነዋ።
«ሁለት» እላለሁ። ሁልጊዜ ሁለት።
የሚከፈለው ለሁለት ነው።

አባርባኔል መንገድ ጥግ ላይ እግሬ ተያዘ።
አስቀድሜ የለየሁት ግድግዳውን አይደለም፣ ግራጫዬን ነው፤
በጥቅምት የቀባሁት አራት ማዕዘን፣
ቀኝ ጎኑ ትንሽ የተንጋደደ
(ያን ቀን የመሰላሉ አንድ እግር አጥሮ ነበር)።
ጎማ ተገጥሞለታል።
አውቶቡስ ሆኗል።

ጎማውን የገጠመው መስኮትም ከፍቶለታል፣ ስምንት መስኮት።
ሌላ እጅ፣ መስመሩ እንደ ክር የቀጠነ፣
በየመስኮቱ ተሳፋሪ አስቀምጧል፤
ጸጉሯን የምትጎነጉን ሴት፣ ሐብሐብ የታቀፈ ወታደር፣
የሱፍ ቆብ ያጠለቀ ሽማግሌ ከውሻው ጋር እንቅልፍ ሲጋራ።
ሦስተኛው እጅ የዓረብኛ ፊደል አጉብጦ
መሪ አድርጎ ለሾፌሩ ሰጥቷል።
አራተኛው ሕፃን ይሆናል፤ ከጉልበቴ በላይ አልደረሰም፤
በጠመኔ ጭስ ስሎለታል፣
ወደ ፊት የሚሄድ ጭስ።

«ግራጫው ያንተ ነው?» አለኝ ፍጹም፣
ከብስክሌት ጥገናው ደጃፍ፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣
አማርኛውን በትግርኛ ጠረን ቀብቶ።
«እርስ በርስ አይተዋወቁም እኮ። አንዱ ሌሊት፣ አንዷ ከሥራ መልስ፣
ማን ምን እንደጨመረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።
አንተን ግን ሁሉም ያውቁሃል፤
ጀማሪው ይሉሃል።
ጀማሪው መጣ፣ ገጽ ተገለጠ፣ ይላሉ።»

ምን ይባላል?
ሰባት ዓመት አጠፋሁ ስል አሰምር ኖሬያለሁ።
መናደድ አማረኝ፣ ንዴቱ አልመጣም፤
መሳቅም አማረኝ፣ እሱ ግማሽ ድረስ መጣ።

ከሾፌሩ ራስ በላይ የመድረሻው ሰሌዳ ባዶ ነበር።
ፍጹም ከኪሱ ወፍራም ማርከር አወጣ፣
ፀሐይን አየሁ፤ ከጣሪያዎቹ በላይ ሁለት ጣት ቀርቷታል።
ቶሎ ጻፍኩ፣ በራሴ ፊደል፣
የመጨረሻዋ «ም» እግሯ ትንሽ ተንሸራቶ፤
ባትያም።
ከዚያ ባሕሩን በስተቀኝ አድርጌ በእግሬ ሄድኩ።

እሑድ ጠዋት ራሃሚም ደወለ።
«የጥቅምቱን ሒሳብ ልዘጋ ነው፤ አባርባኔል፣ የጥጉ ግድግዳ፣
ስንት ነበር?»
በጣቴ ቆጠርኩ። አንዱን ረሳሁ፣ እንደገና ቆጠርኩ።
«አምስት» አልኩት።
«አምስት! ማን ፈቀደልህ? የምንከፍለው ለሁለት ነው!»
«ግድ የለም» አልኩት፣
«ሦስቱ ገንዘብ አልጠየቁም።»